ያልቆረጥሁትን ዛፍ ማን ይቁጠርልኝ?

እኔ በዕድሜዬ አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅም። ከመካነ ሰላም ተነሥቼ የደረስሁበት ሩቅ አገር አዲስ አበባ ነው፤ እሱም የጉጉፍቱ ውርጭ ጆሮዬን እየቆረጠው፣ ደሴ አድሬ፣ ከዚያ ደግሞ 401 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ተንገጫግጬ። ይህን ሁልጊዜ እንደ ጉድለት ነበር የምቆጥረው። ሠርግ ቤት ጅዳ ደርሶ የመጣው፣ ቤይሩት ሠርታ የተመለሰችው ሲያወሩ እኔ እንጀራዬን እያየሁ ዝም ነው። ለካ ጻድቅ ኖሬያለሁ!

ይህን ያበሠረችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ዋሽንግተን ትኖራለች፤ ክረምቱ ሲወጣ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ስዊድኖች በአውሮፕላን መሄድ ማፈር ጀምረዋል፣ ለሐፍረቱም ስም አውጥተውለታል አለችኝ። ግሬታ ተንበርግ የምትባል የአገራቸው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ኒው ዮርክ ለስብሰባ ስትጠራ አውሮፕላኑን ትታ አትላንቲክን በጀልባ ብትሻገር ዓለም አጨበጨበላት።

«እኔም እኮ በልጅነቴ ደሴ ድረስ በእግሬ ነበር የምሄድ» አልሁ፤ ጭብጨባው ይድረሰኝ ብዬ።

«ጋሼ፣ ያ ሌላ ነው» አለች።

«ለምን ሌላ ይሆናል?»

«አንተማ አማራጭ አልነበረህም።»

እንግዲህ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። በወንጌል ያለውን የጠፋውን ልጅ ታውቁታላችሁ። የአባቱን ገንዘብ በትኖ፣ ከእሪያ ጋር ውሎ ሲመለስ የሰባው ፍሪዳ ታረደለት። ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ የኖረው ታላቅየው ግን አንዲት ጠቦት እንኳ አልወጣችለትም። ቄሱ ይህን ሲሰብኩ ምእመኑ ለታናሹ ያለቅሳል፤ የእኔ ልብ ግን ከጥንትም ከታላቁ ጋር ነው። የዘንድሮ ዓለም ደግሞ ለታናሹ ብቻ የሚያርድ ሆኗል። መኪና ገዝቶ፣ ነድቶ ነድቶ፣ ሲሰለቸው በብስክሌት የሄደ ጀግና ይባላል። መኪና ኖሮት የማያውቅ ኋላ ቀር ነው። ሥጋ እስኪያንገሸግሸው በልቶ የተወ «የነቃ» ይባላል፤ እኛ በዓመት በዓል የምንቀምሰው «በምግብ ራሳችንን ያልቻልን» ነን።

ሻንጣዋን ስትፈታ እኔና ባለቤቴ አጠገቧ ተቀምጠን ነበር። መጀመሪያ ከቀርከሃ የተሠራ የጥርስ ብሩሽ ወጣ፤ በካርቶን ውስጥ፣ ካርቶኑም በስስ ላስቲክ ተጠቅልሎ። ሲጣል ይበሰብሳል፣ መሬት አይጎዳም አለች። እኔ ከኪሴ የወይራ መፋቂያዬን አወጣሁና አጠገቡ አጋደምሁት። ምንም አላልሁም፤ መፋቂያው ራሱ ይናገር ብዬ። ቀጥሎ የጨርቅ ዘንቢል መጣ፤ ላዩ ላይ በትልቁ ተጽፎበታል። «ምን ይላል?» ስል ፕላስቲክ አልጠቀምም ይላል አለች። ከስንደዶና ከአክርማ ተሰፍቶ የሚሠራው የባለቤቴ አገልግል አንድም ጊዜ ስለ ራሱ ጽፎ አያውቅም። ከዚያ የብረት ጠርሙስ፣ ከጠርሙሱ ጋር ደግሞ የብረት ቀጭን መምጠጫ። ባለቤቴ መምጠጫውን አገላብጣ አየችውና «ለጠላ ከሆነ አይበጅም፤ አተላው ይደፍነዋል» ብላ መለሰችላት።

የመጨረሻው ሳሙና ነበር። ኬሚካል የለበትም፣ ወንዝ አይበክልም። ዋጋውን ወደ ብር መንዝሬ ሳሰላው ጠቦት ይገዛል። እናቴ የአባቴን ጋቢ ወንዝ ወርዳ በእንዶድ ስታጥብ ኖራ ሞተች፤ ጋቢው እንደ በረዶ ይነጣ ነበር። እኛ ግን ትንሽ ሳንቲም ስናገኝ እንዶዱን የድሃ ነው ብለን ትተን የዱቄት ሳሙና ገዛን። አክሊሉ ለማ የሚባል ሊቅ፣ ነፍሱን ይማርና፣ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ወንዝ ወደ ታች ወረድ ብሎ ቢያይ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኛቸው። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። በዚያ ጥናት እሱና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ወሰዱ። ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ግን አሜሪካ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ይገድላል ብሎ መብቱን በራሱ ስም አስመዘገበ። የእናቴ ስም የት አለ? እኔ እንኳ መብት አልጠየቅሁም፤ ያን ሳሙና በጠቦት ዋጋ ከምትገዛ ለምን በእንዶድ አትታጠብም ነው የምለው። ደግሞ እንዶድ ጠረኑ መልካም ነው።

ማታ ዶሮው ተሠርቶ ቀረበ። ባለቤቴ ከጠዋት ጀምራ ሽንኩርት ስትከትፍ ውላለች። የእህቴ ልጅ ሞሰቡን አየችና፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ከእንስሳ የተገኘ ነገር እንደማትበላ ነገረችን። ባለቤቴ ደንግጣ ወደ ቀን መቁጠሪያው ዞረች፤ የማታውቀው ጾም የገባ መስሏት። ጾም አይደለም፣ ለምድር ሲባል ነው፣ ሁልጊዜም ነው። እንግዲህ እኔ ሁዳዴውን 55 ቀን፣ ነቢያቱን፣ ሐዋርያቱን፣ ፍልሰታውን፣ ረቡዕና ዓርቡን ስደምር የዓመቱን እኩሌታ በሽሮና በምስር ነው ያሳለፍሁት። ጎረቤቴ ሼሁም በረመዳን ውኃ እንኳ አይቀምሱም። ማንም መጥቶ ምድርን ስለ ረዳችሁ ያለን የለም። ዶሮውን እኔ በላሁት፤ ተገፍቼ ነው።

ስለ ካርቦን ያስረዳችኝ ያን ማታ ነው። እያንዳንዱ ሰው በዓመት ወደ ሰማይ የሚለቀው ጭስ ይመዘናል አለች። ጭስ በቶን! የአሜሪካ ሰው 14 ቶን ገደማ፤ የዓለም ሰው በአማካይ ወደ 5 ቶን የሚጠጋ፤ የኢትዮጵያ ሰው የአንድ ቶን ሰባተኛ ቢሆን ነው። ሒሳብ አልሳትኩም፤ የአንድ አሜሪካዊ ጭስ የመቶ ኢትዮጵያውያን ነው። እሷ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ የመጣችበት ብቻ ሁለት ቶን ያህል ይሆናል፤ አሥራ አራት ኢትዮጵያውያን ዓመት ሙሉ ተደምረን የምናወጣው ማለት ነው።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኋት፤ አዘንሁላት።

«ከፍያለሁ» አለች። ትኬቱን ስትቆርጥ ትንሽ ገንዘብ ጨምራ የሆነ ቦታ ዛፍ እንዲተከልላት አድርጋለች።

«የት?»

አታውቅም። ወይ ጉድ! ኃጢአት የሠራውን ሰው ንስሐ በሌላ ሰው ጀርባ የሚያሰግድ ቄስ ተገኘ ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል የሰማሁት ለተረት ነበር፤ ለካ ገበያ አላት።

እኔ በዚያች ሰባተኛ ደረቴን ነፍቼ ተቀምጬ ሳለሁ ባለቤቴ ከማጀት ብቅ አለች። «ያ ቁጥር የእኔን ጭስ ይጨምራል?» ብላ ጠየቀች። የእህቴ ልጅ አይጨምርም አለች፤ ነዳጁን፣ ከሰሉንና ሲሚንቶውን እንጂ የማገዶውንና የኩበቱን አይቆጥርም። «እኔን ደግሞ ማን ቆጠረኝ?» ብላ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። እውነቷን ነው። በደጋው እንጨት ሲያልቅ ፍግ እየተጠፈጠፈ ኩበት ይሆናል፤ ለገብሱ መሬት የሚገባው ምግብ እንጀራ ይጋገርበታል፤ የባለቤቴም ዓይን ከዚያ ጭስ የተነሣ ሲያለቅስ ሠላሳ ዓመት አለፈው። ምርጥ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ የገዛንላት ዘግይተን ነው። ስለዚህ ከተሜው መጥቶ «እንዴት ደስ የሚል የተፈጥሮ ኑሮ!» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ሣር ቤት ደስ የሚለው ክረምት ሳይገባ ነው። ክረምት ላይ ያፈሳል። ቆርቆሮ ነው የምፈልገው፤ በዘጠና ስምንት ምስማር የተመታ፣ ዝናብ ሲወርድበት ጸሎት የማያሰማ ቆርቆሮ።

ከብቶቼንም አልማረቻቸውም። ላም ስታመሰኳ የምታገሳው አየር ምድርን ያሞቃል አለች። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ2030 ጀምሮ በዚህ ግሳት ላይ ግብር ልትጥል ወስናለች። እኔ ይህን ስሰማ መጀመሪያ ያደረግሁት በሩን መዝጋት ነው፤ ግብር ሰብሳቢው እንዳይሰማ። ከአፍሪካ በከብት ብዛት የሚበልጠን የለም ይባላል፤ በግሳት ካስከፈሉን አገር ተሸጦም አይበቃ። ይልቅ ስለ ላሜ የሚያስብ ካለ ፌስታሉን ይያዝልኝ። በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳው ፌስታል ተከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል ሌላ አዋጅ አጸደቀ። በሁለቱ አዋጆች መካከል እኛ ያረድነው አንድ የቅርጫ በሬ ነበር። ሆዱ ሲቀደድ ከጨጓራው ውስጥ ሰው ራስ የሚያህል ድብልብል ወጣ፤ ጥቁርና ቢጫ ፌስታል፣ የመንጠልጠያው ጆሮ እንኳ ሳይላላ፣ ከሣር ጋር ተገምዶ። ሥጋ ቆራጩ በቢላዋው ጫፍ ነካ አደረገውና «ይኸኛው መደብ ለማን ይድረስ?» አለ።

በማግሥቱ ደን ልናይ ወጣን። ለእኛ ለወሎ ቦረናዎች ደኑ ደንቆሮ ጫካ ነው፤ መንግሥት በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሲያደርገው ቦረና ሳይንት ተባለ፤ ኋላ ወረሂመኑም ተጨምሮበት ስሙም መሬቱም ረዘመ። መጀመሪያ 4,375 ሄክታር ነበር፤ አሁን ከ15,000 በላይ ነው። ከታች ከ1,900 ሜትር ተነሥቶ እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ታች ወይራና ጽድ፣ ላይ አስታና ጓሳ፣ ጅብራው እንደ ዘብ ቆሞ። ቀይ ቀበሮ አለ፤ በመላው ኢትዮጵያ፣ ማለትም በመላው ዓለም፣ ለአካለ መጠን የደረሰው 500 አይሞላም ይላሉ። ዱኩላ አለ፣ ነብር አለ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ስለ ሰነበተ ግን ጎብኚ ከጠፋ ቆይቷል፤ ስካውቶቹ እኛን ሲያዩ እንደ ሠርገኛ ነው የተቀበሉን።

የእህቴ ልጅ መኪና አልፈልግም፣ ጭስ አልጨምርም ብላ በቅሎ ተከራየች። ይህን ወደድሁላት። ነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ተከልክሏል፤ ኤሌክትሪክ የሚሞላው መኪና ደግሞ መብራት በሚጠፋበት አገር ለበቅሎ ዘመድ እንኳ አይሆን። በቅሎዋ ግን ዳገቱ ላይ ቆም ብላ ኮረብታውን ስታይ የእህቴ ልጅ ይህን ለተፈጥሮ ፍቅር ተረጎመችው። ደክሟት ነው።

ከደኑ ጠርዝ ካለ የገብስ ማሳ ስንደርስ ጭላዳዎች ሰፍረውበታል። ወንዱ ጋማውን አንጨፍርሮ፣ ደረቱ ላይ ቀዩ ልብ እየበራ፣ ተቀምጦ በሁለት እጁ እየነቀለ ይበላል። እናቲቱ ግልገሏን በጀርባዋ አዝላ ትከተለዋለች። የእህቴ ልጅ ትንፋሿን ውጣ ስልኳን አወጣች። «ጋሼ፣ ዝም በል፤ እንዳታባርራቸው» አለችኝ በሹክሹክታ። እኔ ዝም አልሁ፤ ማሳው የእኔ አይደለም። በዚያች ቅጽበት ከድንጋዩ ክምር ጀርባ አንድ ትምህርት ቤት የሚገባው ብላቴና ወንጭፉን እያሽከረከረ ብቅ አለ። እሷ ጮኸች፤ እንዳትመታ፣ ይህ እንስሳ በዓለም ላይ እኛ አገር ብቻ ነው የሚገኘው! ብላቴናው ወንጭፉን አወረደ፤ ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«ገብሱም እኮ እኛ ጋ ብቻ ነው ያለው» አላት።

ሳቄን ለማፈን ጀርባዬን ማዞር ነበረብኝ። ቆይታ ግን ለልጁ ገንዘብ ሰጠችው፤ ልጁም ተቀበለ፤ ጭላዳውም መብላቱን ቀጠለ። ከሁሉም የገረመኝ ያ ነው፤ የተከፈለው ለተበላው ማሳ እንጂ ለተጠበቀው ደን አይደለም።

አገሬው ደንቆሮ ጫካ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጀምሮ ታፍሮ ተከብሮ የኖረ ነው ይላል። ያ ከሆነ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ስንት ቤት ተሠራ፣ ስንት ሞፈር ጠፋ፣ ስንት ክረምት ማገዶ አለቀ! እነዚያ አያቶች ዛፉን አይተው አለፉት። ከፊሉ ንጉሥ ፈርቶ፣ ከፊሉ ታቦት ፈርቶ፣ ከፊሉ ነብር ፈርቶ ይሆናል፤ እኔ ልብ መርማሪ አይደለሁም። ያለፈውን ግን አለፈው። ከመንዝ በኩል ጓሳን ያየ ያውቀዋል። መንዞች ጓሳቸውን ቄሮ በሚባል ሥርዓት፣ ዓመታት ዘግተው ለአጨዳ እየከፈቱ፣ አራት መቶ ዓመት ያህል ጠብቀውታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያናጋውም ሕዝቡ መልሶ በራሱ ኮሚቴ ያዘው። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ የሚያድርበት ቤት አላቸው፤ ገንዘቡም ለመንደሩ ይገባል። በሰሜን ወሎ ላስታና መቄት በኩልም ተስፋ የሚሉት የእግር ጉዞ አለ፤ ጎብኚው ከመንደር መንደር ሲሄድ የሚያድረው ሕዝቡ በሠራው ጎጆ ነው፣ ክፍያውም እዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለውን ጉዞ ማን ይጠላል? ለአካባቢ አሳቢ ተጓዥ ማለት ብሩን ከአካባቢው ሳይወጣ የሚተው ነው እላለሁ፤ የመምጠጫው ነገር ኋላ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ ስነግራት የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ካርቦኑ ይሸጣል እኮ» አለችኝ። በበቅሎዋ ላይ ሆና፣ እንዲሁ እንደ ዋዛ። ወላይታ ውስጥ ሑምቦ ላይ የተራቆተ ተራራ ነበር፤ ሕዝቡ ዛፉን ቆርጦ ቆርጦ ጨርሶት። 2,728 ሄክታሩን ከልለው፣ ከጉቶው መልሶ እንዲያቆጠቁጥ አድርገው፣ የዳነውን ካርቦን የዓለም ባንክ ገዛቸው፤ ገንዘቡም ለገበሬ ማኅበራቱ ደረሰ። እሰየው ነው፤ ላባቸው ነው፤ አልመቀኝም። ግን ልብ በሉልኝ፤ ታናሹ ልጅ ተመለሰ፣ ፍሪዳው ታረደ።

«ለእኛስ?» አልኋት። «ለአምስት መቶው ዓመት?»

«የነበረ ደን አይቆጠርም» አለች። «ያለ ገንዘቡም ይኖር ነበርና።»

«ባሌ ላይስ? ደን ባለመቆረጡም ተከፍሏል ሲሉ ሰምቼአለሁ።»

«እሱ ሊቆረጥ እንደ ነበር ስለ ተረጋገጠ ነው። አደጋ እንዳለበት ማስረጃ ይጠየቃል።»

ከበቅሎዋ ፊት ቆምሁ። ሊቆረጥ እንደ ነበር! ዛፉን ለመቁረጥ አስቤ እንደ ነበር፣ እጄ ተዘርግቶ እንደ ነበር፣ በመጨረሻዋ ሰዓት ነፍሴን ገታሁ ብዬ ነው ማስመስከር ያለብኝ? የጠበቀ ሌባ መሆኑን ካላስረዳ አይከፈለውም ማለት ነው! የጓሮዬን ባሕር ዛፍ ልቁጠርልሽ ብላት እሱም አይሆንም አለችኝ፤ ውኃ ይመጥጣል፣ የአገር ዛፍ አይደለም። ምኒልክ ያን ዛፍ ባያስመጡ ኖሮ አዲስ አበባ እንጨት አልቆባት ወደ አዲስ ዓለም ልትዛወር ነበር፤ ዛሬም የእኔን ጣሪያ የሚሸከመው ማገር እሱ ነው። ይህንም ነገርኋት። ፎቶ እያነሣች ነበር።

ከሄደች በኋላ ጉዳዩን አልተውሁትም። ስልክ ደወልሁላት፤ ማስረጃው ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት ጠየቅኋት። እየሳቀች «ምስክር ካለህ ሞክር» አለችኝ። እኔ ግን ቀልድ አልያዝሁም። ጎረቤቴን ሼሁን ለመንኋቸው፤ በሐሰት አልመሰክርም አሉ። ቄሱ ዘንድ ሄድሁ፤ ዛፍ ለመቁረጥ ካሰብህ መጀመሪያ ንስሐ ግባ አሉኝ። የቀረችኝ ባለቤቴ ነበረች። ቡና እያፈላች ሳለች ነገሩን ከሥር መሠረቱ አስረዳኋት፤ እኔ በጉብዝናዬ ዘመን ያን ደን ለመቁረጥ ጉልበቱም ፍላጎቱም ነበረኝ ብለሽ ማይልኝ አልኋት። ረከቦቱን አስተካከለች፤ አቦሉን ቀዳች።

«እምላለሁ» አለች፤ «የመጥረቢያህ እጀታ ከሠርጋችን ጀምሮ እንደ ተነቀለ ነው፤ እጀታ የሚሆን እንጨት ቁረጥ ስልህም እስከ ዛሬ አልቆረጥህም።»